ኖራን ቅዳሜ እንዳትወስዱብን

ለክቡር የንጹሕ ዘር ውሾች አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ባለቤቴ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የዓይንና የጆሮ ጤና እንመኛለን፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲጎድሉ ምን እንደሚመስል ስለምናውቅ ምኞታችን የይስሙላ አይደለም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በግል የላክኋቸው ልመናዎች ከጠረጴዛዎ ከፍታ የተነሳ ሳይደርሱዎት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ የቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። የባለቤቴ የዓይን ብርሃን ቀስ በቀስ ደክሞ፣ ዛሬ ለይታ የምታየው በጠቆረ ነገር ላይ ያለ ነጭ ብቻ ነው። ስለዚህ የደረጃውን ጠርዝ፣ የበሩን መቃን፣ የመብራት ማብሪያውን ዙሪያ ሳይቀር ነጭ ቀብቼላታለሁ። ቀድሞ የነበረን ቡናማ ውሻ ከቀዩ ሊሾ ወለላችን ጋር ይመሳሰልባት ነበርና አንድ ቀን ተደናቅፋበት ወድቃ እጇ ተሰበረ። ያ ውሻ በእርጅና ሲሞትብን፣ ቤታችን ያለ ውሻ መዋል ስለማያውቅ፣ በሙያዬ አሰብኩና ነጭ ውሻ ልፈልግላት ተነሳሁ። ግድግዳ ሲመርጥ የኖረ ሰው ውሻም ሲመርጥ እንዲሁ ነው፤ ቀለሙን ያይና ውስጡን ይረሳል።

የማኅበርዎ ውሾች ቡናማና ጥቁር፣ አልፎ አልፎም ዝንጉርጉር መሆናቸውን ማንም ያውቃል። እርስዎ ግን ግቢዎ ድረስ አስገብተው፣ ሆን ተብለው ከተጣመሩ ሁለት ዝንጉርጉር ወላጆች የተወለደችውን ነጭ ቡችላ በእጅዎ አቅፈው ሲያሳዩኝና እንዲህ ያለው ቀለም በአንድ ትውልድ አንዴ ቢገኝ ነው ሲሉኝ፣ አፌን ከፍቼ ነበር ያዳመጥኩዎት። ቤት ስትገባ ስሟን ኖራ አልናት። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ሲሆን፣ ቅር ያሉኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ኖራ አትሰማም። ባለቤቴ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ብትጠራት አትመጣም። ይህን ለማኅበሩ ባለሙያ ባመለክት፣ ንጹሕ ዘር ኩሩ ስለሆነ በመጀመሪያ ጥሪ እንደማይመጣ በሰፊው አስረድተውኛል፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፣ እኛም ኩሩ ውሻ አለን ብለን ስንኮራ ከርመናል። በኋላ ግን ነገሩ አላምር ሲለኝ ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ከጀርባዋ ሆኜ አጋጨሁ። ጎረቤት ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ፤ እሷ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

፪ኛ. የእንስሳት ሐኪሙ፣ ሁለት ዝንጉርጉር ሲጣመሩ ከሚወለዱት ነጭ ቡችሎች ብዙዎቹ ማየት ወይም መስማት እንደሚሳናቸው፣ ይህንንም የትኛውም አርቢ እንደሚያውቀው ነገረኝ። ክቡርነትዎ እያወቁ አደረጉት ማለት ድፍረት ይሆንብኛል፤ አያውቁም ማለት ደግሞ ለአንድ ሊቀመንበር ከዚያ የባሰ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ምርጫውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። በእኛም ሙያ እርጥበት በበላው ግድግዳ ላይ ነጭ ደርቦ የሚያስረክብ ሰው አይጠፋም። ሊቀመንበር ግን አናደርገውም።

፫ኛ. ቅሬታዬን ባቀረብኩ ማግስት ጸሐፊዎ ደውለው ውሳኔውን አሰምተውኛል። ጉድለት ያለባት ውሻ የዘሩን ስም ስለምታጎድፍ፣ የማኅበሩ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት መጥተው እንደሚወስዷትና በመርፌ «እንደሚያሳርፏት»፣ በምትኳም ከእነዚያው ወላጆች የተወለደ ሌላ ነጭ ቡችላ እንደሚሰጠን ነው። በአንድ ትውልድ አንዴ የሚገኘው ቀለም ለካ በተጠየቀ ቁጥር ይገኛል። ማሳረፍ የሚለውን ቃል ለመረጡት ሰው አድናቆቴን ያድርሱልኝ፤ ኖራ ግን ገና ልጅ ናት፣ አልደከማትም።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልስጠው አልስጠው አላውቅም፣ ቅሬታ አይደለምና። ባለቤቴ ኖራን ስትፈልግ ወለሉን በእግሯ መምታት ጀምራለች። ማን እንዳስተማራት እንጃ። ኖራም ንዝረቱ ሲደርሳት ከተኛችበት ብድግ ብላ ትመጣለች፤ ባለቤቴ ደግሞ በቀዩ ወለል ላይ አንድ ነጭ ነገር ወደ እሷ ሲመጣ ታያለች። እጇ ከተሰበረ ወዲህ ብቻዋን ከክፍል ክፍል መሄድ ትፈራ ነበር፤ አሁን ነጯን እየተከተለች እስከ ግቢው በር ትወጣለች። የቅዳሜውን ነገር ስነግራት «እኔንስ መቼ ነው የሚወስዱኝ? እኔም እኮ ጉድለት አለብኝ» አለችኝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እስካሁን የጻፍኩትን እንደ ሽሙጥ ቢቆጥሩት አልከራከርም፤ ይህን ግን እንደ ልመና ይቁጠሩልኝ። እባክዎን ይተዉልን። ጨንቆኛል። ትናንት የሰው ሳሎን እየቀባሁ መስመር አጣምሜ ወረድኩ፤ የቤቱ ጌታ አዝኖልኝ ሒሳቤን ሳይቀንስ ከፈለኝ። ሌላ ቡችላ አንፈልግም። የዘር ማረጋገጫዋን መልሱ ካላችሁ እመልሳለሁ፣ ኖራ ተራ ውሻ ትባል፣ ስማችሁን አታጎድፍም። እነዚያን ወላጆች ብቻ ዳግመኛ አታጣምሯቸው።

ለዘር ንጽሕና ስላሳዩት የማይበገር ትጋት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለቤተሰብዎና ለብርቅዬ ቀለሞችዎ ሁሉ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ቆልፌ ከበሩ ኋላ ቆሜ የምጠብቅዎ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ቀለም ቀቢው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት የበር ደወል እየተመላለስኩ ደውያለሁ። መብራቱ በርቶ፣ ሰዎቹም በመስኮት እየታዩኝ፣ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። መስማት የተሳነውን ማሳረፍ የማኅበሩ ደንብ ከሆነ፣ ከማን እንደሚጀመር ጉባኤው ይምከርበት፤ ኖራን ግን ከተራው ያውጣልኝ። እሷ ቢያንስ ወለሉ ሲመታ ትነሳለች።