በሰደር፣ የዓመቱ ቃል

ፔታህ ቲክቫ፣ ኔቬ ኦዝ
ኅዳር 1997 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻላቸው ወይ? ጎንደር መኸሩ ገብቶ ይሆናል። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ። ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ያንብቡት። ስለ ጀምበሩ ነው፤ እርስዎ ስም ስላወጡለት፣ እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ ኢታማር ስለተባለው ልጄ።

ሥራዬን ያውቁታል። ዕብራይስጡን በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የአማርኛው አዋቂ ተብዬ ተቀምጫለሁ። አለቃችን ሽሙኤል በየአዲስ ዓመቱ የዓመቱን ቃል የማስመረጥ ልማድ አለው። ቃሉ አማረ አላማረ ግድ የለውም። ስንት ሰው ተናገረው፣ አዲስ ትርጉም አበጀ ወይ፣ ከዓመቱ በኋላስ ይቆያል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ካርድ እንሞላለን፤ ከፊቱ ቃሉን፣ ከጀርባው ማን፣ መቼና ምን ተጠይቆ እንዳለው። ዘንድሮ የእኛ ሰዎች ከዕብራይስጥ ወስደው በአማርኛቸው ላይ ከሚጨምሯቸው ቃላት አንዱ እንዲመረጥ ተስማማን። እኔም ወደ ክፋር ጋኒም በሚሄደው አውቶቡስ፣ በፋብሪካ በር፣ በክሊኒክ ወረፋ ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ከረምኩ።

ከሁሉም የበለጠው በሰደር ነው። ሲፈታ በደንብ፣ በሥርዓቱ እንደ ማለት ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም ይለዋል። አብዝቶ ያለው ግን የገዛ ልጄ ነው። ወታደር ስለሆነ የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ በሰደር አባ ብሎ ክፍሉ ይገባል፣ ሰንበት ሲወጣ ካርዴን እሞላለሁ።

ትርጉሙን ስንጽፍ ከኦሻራት ጋር ተጋጨሁ። ጽሑፉን የምታርመው ልጅ ናት፤ ከእኛው ወገን፣ በሕፃንነቷ መጥታ እዚህ ያደገች። ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም ብዬ የጻፍኩትን አይታ፣ ይኼ የእናንተ የትልልቆቹ በሰደር ነው አለችኝ። ልጅ ለአባቱ በሰደር ሲል አትጠይቀኝ ማለቱ ነው፣ እኔም ለእናቴ የምመልስላት እንደዚያ ነው፣ ሁለተኛ ትርጉም ተብሎ ይግባ አለች። ደሜ ፈላ። የትናንት ልጅ አማርኛ ልታስተምረኝ! ቤቴ ወታደር አለ፣ ከአፉ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት አልኳት። በአማርኛው በኩል የመጨረሻው ውሳኔ የእኔ ስለሆነ የእሷን ሰረዝኩት። በሰደር ተመረጠ፤ በእኔ ትርጉም ታትሞ ተሰራጨ።

ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጦሩ ሦስት ሰዎች ቤታችን መጡ። አንደኛዋ ሐኪም ነበረች። ባለቤቴ ጥሩአየሁ ገና በሩ ላይ ሳሉ ጮኸች። ቀስ ብለው ነገሩን። ጠላት የለበትም፣ ብቻውን ጥበቃ ላይ ነበር፣ ጠመንጃውም የራሱ ነው አሉን። ሐኪሟ አንተስ እንዴት ነህ ብላ ስትጠይቀኝ ከአፌ የወጣው በሰደር ነው። ኦሻራት ያለችኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ካርዶቹን አወጣኋቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ፊታቸውን ትቼ ጀርባቸውን አነበብኩ። ለምን ከሳህ? ለምን አትበላም? እዚያ ምን ብለው ነው የሚጠሩህ? አንድ ጓደኛ እንኳ አላበጀህም? ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፣ ከነቀኑ። ጠይቄዋለሁ ወንድሜ፤ አልጠየቅክም አይበሉኝ። መልሱን ግን እንደ ቃል ሰብሳቢ እንጂ እንደ አባት አልሰማሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽሙኤል አዝኖልኛል፤ ትርጉሙን ስትችል ታስተካክለዋለህ ብሎኛል። አንድ መስመር ናት፤ እስካሁን አልጻፍኳትም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ። ለእናታችን ይህን ከወረቀት ላይ እንዳያነቡላቸው። ቄሱንና ጎረቤቶቹን ሰብስበው፣ በማለዳ፣ በአገራችን ወግ ይሁን። እስከዚያ እናታችን ልጄ ምን ጻፈ ብለው ቢጠይቁዎ፣ እባክዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው አይበሏቸው።

እግዚአብሔር ለእርስዎም ለእሳቸውም ጽናቱን ይስጣችሁ፤ በዕድሜ ጠብቆ ለኢየሩሳሌም ያብቃችሁ። ጥሩአየሁና ትንሿ ልጄ ብሌን እጅ ነስተዋል። ከቤታችን ሌላ ሰላም የሚልዎ የለም።

ታናሽ ወንድምዎ