ሳይታመም የሚያነክስ እግር

ጥቅምት 6
ልደት ከምትሠራበት ክሊኒክ፣ ሸዋ በር፣ ሄጄ መጣሁ። የልጄ ሚስት ናት። ያንን ጠጠጠ የሚል መሣሪያ ተረከዜ ላይ ደገነችው... ሾክ ዌቭ ይሉታል። የታመመ ጅማት ያሽላል አሉ።
"ሁሉንም ሰው አያሽልም እማዬ፤ ሐኪሞቹም ይከራከሩበታል። ደረጃ ላይ ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ማድረጉን ብቻ አይተዉ።"
እሺ አልኩ።

ጥቅምት 14
ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ አልወጋኝም። ደነገጥኩ።
በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ ልደት ናት። ይሄን የሚጽፈውን እጄን ይዛ... አሁን ደግሞ ተረከዜን? ስንቱን ላመስግናት? ውለታዋ ከበደኝ።

ጥቅምት 15
ዋፊቃ ከደጇ ጠራችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ስፌት ሰፊ። የክርኗ ጅማት አስቸግሯታል፤ ወስፌውን በሰካች ቁጥር ታቃስታለች።
"አንቺ አንካሳ! ያ መሣሪያ ምን አደረገልሽ? እኔም ልሂድ?"
"ምንም። ጩኸት ብቻ።"
"ወላሂ?"
"እንዴ፣ እያየሽኝ!" አልኩና እያነከስኩ ሄድኩ።
ለምን እንዲህ አልኩ?

ጥቅምት 22
ገበያው፣ ፈረስ መጋላ ድረስ አንክሼ ሄጄ አንክሼ ተመለስኩ። ሰው ያየኛላ። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ።
ልደት ጠየቀችኝ። ያው ነው አልኳት። "እንግዲያው ለእርስዎ አልሠራም ማለት ነው" ብላ አንገቷን ደፋች። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር...

ኅዳር 3
ዋፊቃ ወስፌ መያዝ አቃታት። የልጅ ልጇን፣ የጀናትን፣ የሰርግ ስፌት በገዛ እጇ ልትጨርስ ነበር። ዛሬ ጅምሩን ከነአክርማው ጠቅልላ ለሌላ ሰፊ ሰጠች። "አልሐምዱሊላህ፣ ሌላም እጅ አለ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
ብትሄድ ይሻላት ነበር? ላይሻላትም ይችላል። እንዳትሞክር ያደረግኳት ግን እኔ።

ኅዳር 4
ሳላነክስ ሄድኩባት። እግሬን አየች።
"ከተሻለኝ ቆየ። ዋሸሁሽ።"
"መሣሪያው ነው?"
"መሣሪያው ይሁን ደረጃው ላይ ከፍ ዝቅ ማለቱ... አላውቅም። ላንቺም ይሠራል ብዬ አልምልም።"
"እና ያን ሁሉ ጊዜ ያነከስሽውስ?"
"ውሸቴ እንዳይታወቅ።"
"ሂጂልኝ" አለች። ሄድኩ።

ኅዳር 6
ዋፊቃ ሻሿን አጥብቃ ደጄ ላይ ቆመች። "ልደት ጋ ውሰጂኝ። ግን ከኋላዬ ሂጂ፤ እግርሽን ማየት አልፈልግም።"
እስከ ሸዋ በር ከኋላዋ ሄድኩ። ልደት አየችኝ። "እማዬ... እግርዎ?"
"ድኖ ነበር ልጄ። ደበቅኩሽ።"
ከእኔ ዞር አለች። የዋፊቃን ክርን ያዘች። "እዚህ ጋ ነው የሚያምዎት?"
የጀናት ስፌት ግን ሌላ እጅ ላይ ነው።