ግማሹ ባቡር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤንነትህን በመጠየቅ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ደብዳቤህን ሳነበው ደህና መሆንህን አወቅኩ። የታመመ ሰው እንዲህ አያዝም። «የአባዬን ባቡር ነቅላችሁ ግማሹን አሽጉልኝ፤ በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስዳለሁ» ብለሃል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ዛሬውኑ እመልስልሃለሁ። አልነቅልም፣ አላሽግም። ምክንያቴ ሐዲዱ ብቻ አይደለም፤ እማዬ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ ስትናገር እኔ ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ነውና ተረጋግተህ አንብበኝ።

«ያለ አባዬ ያ ባቡር ክብ ከመዞር በቀር ምን ይሠራል?» ያልከው አንድ ሰሞን እውነት ነበር። አባዬ ከሰዓት ጥገና ሥራው የተረፈውን ጊዜ ሁሉ ከሱቁ ኋላ ባለው ረጅም ክፍል ሲያሳልፍ፣ የመጫወቻ ባቡሩን ትንንሽ ሐዲዶች በጠረጴዛዎቹ ላይ ሲዘረጋ፣ ከጫማ ካርቶን ወፍጮ ቤትና ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲያቆም፣ የቱ ፉርጎ ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሁሉም ነገር በጭንቅላቱ ነው። መቆጣጠሪያውንም የሚያስነካው አንተን ብቻ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አንቺ ማየቱ ይበቃሻል» እየተባልኩ አደግኩ። ቀንቼብህ ነበር፣ በጣም። ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን ግን ወጥቶልኛልና ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

አባዬ ሲሞት የባቡሩ ሥራም አብሮት ተቀበረ። ለለቅሶ የመጣህ ጊዜ ክፍሉን ሳትከፍት ተመለስክ። «መንገድ ይረዝምብኛል» አልክ፤ አልሸሹም ዞር አሉ። አልፈርድብህም፤ እኔም ራሴ ቁልፉን ለማዞር ጊዜ ፈጅቶብኛል። እማዬማ ወደ ጓሮ ለመውጣት እንኳ በሱቁ በኩል ዞራ መሄድ ጀመረች። ምግቧም ወሬዋም ቀነሰ። በስልክ «ደህና ነኝ» ስትልህ አጠገቧ ቆሜ የምሰማት እኔ ነበርኩ። ደህና አልነበረችም።

ሥራዬን ታውቃለህ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ላኪ ነኝ። አንድ ካርቶን ያለ ወረቀት ከበር ካለፈ እንቅልፍ የለኝም። አንድ እሑድ አቧራ ልጠርግ ገብቼ ፉርጎዎቹ ተደርድረው ሳያቸው፣ የቸገራቸው ሌላ ሳይሆን ወረቀት ነው ብዬ አሰብኩ። ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ካርድ ቆረጥኩ። ካርዱ መታወቂያው ነው፤ ቁጥሩ፣ ቀለሙና ዓይነቱ ተጽፎበታል፣ ከሥሩም ኪስ አለው። ኪሱ ውስጥ የጭነት ወረቀት ይገባል፤ ፉርጎው ምን እንደጫነና የትኛው ጣቢያ እንደሚያራግፍ የሚናገረው እሱ ነው። ፉርጎው በሄደበት ሁሉ ካርዱን ነጂው ይዞት ይሄዳል፤ ፉርጎው አንድ ጣቢያ ሲቀር ካርዱም እዚያው ጣቢያ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የእሑዱ ሥራ ሲያልቅ ወረቀቱ ይገለበጥና አዲስ ጉዞ ይወጣል፤ ዛሬ ሲሚንቶ ያራገፈው በሚቀጥለው እሑድ ባዶውን ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ስለዚህ ባቡሩ ክብ መዞሩን ትቷል፤ የሚያደርሰው ዕቃ አለው። ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ይነዳዋል።

ከሁሉ ቀድመው የመጡት ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ መቀስ ናቸው። ይህን ስም ያወጣንላቸው ለእጃቸው መስሏቸው ይኮራሉ፤ ለአፋቸው ነው። ቀጥላ የአባዬን ሱቅ የተከራየችው ልብስ ሰፊ መጣች። መጀመሪያ ላይ ምን ያልሆነ ነገር አለ! ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን መንገድ ላይ ገልብጣው ሙሉ ፉርጎ ሲሚንቶ ለሠራው ፋብሪካ መልሳ አስረከበች። ጋሽ መቀስ ለሳምንት ያህል ደንበኞቻቸውን ሁሉ በዚህ ሲያስቁ ከረሙ።

የሳምንቱ ማብቂያ ላይ ግን እሳቸው ባሱ። ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደውን ባቡር እየነዱ ሳለ ደንበኛ መጥቶ ተጠሩና ካርዶቹን በጋዋናቸው ኪስ እንደያዙ ወጡ። ባቡራቸው ዋናው መስመር ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ከኋላው የልብስ ሰፊዋ ባቡር ቆመ፤ ነገሩ ሁሉ ቅጥ አምባሩ ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴው ስንዴ፣ ቀዩ እንጨት ሳይሆን አይቀርምና ገምተን እንሂድ አለች። እኔም እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ለካ እማዬ ምሳ ቀርቧል ልትል መጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። በአውቶቡስ ጣቢያ ዕቃ ክፍል ያረጀች ሴት መሆኗን አትርሳ።

«ዕቃ በግምት አይነሳም» አለች። «ሰውየው እስኪመጣ ጠብቁ።»

ይህን ብላ ትመለሳለች ስል ገባች፤ የአባዬ ወንበር ላይም ተቀመጠች። ጋሽ መቀስ ተመልሰው ይቅርታ ሲሉ ካርዶቹን ተቀበለቻቸው፣ የተጣበቀውን ፀጉር እፍ እያለች አራገፈች፣ መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ከፉርጎው ጋር አስተያየች። አንዱን ፉርጎ የማይሆን ቦታ ቆሞ አገኘችውና ማን እዚህ እንዳስቀመጠው ጠየቀች። ሦስታችንም ፈርተን ነበር። ምሳው ቀዘቀዘ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋናው ጣቢያ አለቃ እሷ ናት። ካርዱን ሳታይ አንድ ፉርጎ አይንቀሳቀስም። ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ ጋሽ መቀስ ላይ ትስቃለች። አንድ ቀን ካርዶቹን እየለየች፣ ለአባዬ ሻይ ይዛለት ስትገባ ምን እየሠራ እንደሆነ አንድም ቀን ነግሯት እንደማያውቅ አጫወተችኝ። አሁን ሲገባት ደስ እንዳላት፣ እንደተናደደችበትም ነገረችኝ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው።

ደብዳቤህ የደረሰው እዚህ መሀል ነው። ግማሹ ያንተ መሆኑን አልክድም። ለሽያጭ ጓጉተህ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ያንን ክፍል ሳታይ ነገሩ ቢያልቅልህ ስለምትወድ ነው። ባቡሩ ከተነቀለ ግን እማዬ ወደዚያ ዝምታዋ ትመለሳለች፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛ እንደዚያ ሆና ላያት አልፈልግም። ደብዳቤውን ልደብቃት አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም፤ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ስትወለውል ቆየች።

«መብቱ ነው፣ ይውሰድ» አለች። «ግን ከኔ ጣቢያ ያለ ወረቀት የሚወጣ ፉርጎ የለም። ይምጣና ራሱ እየነዳ በሩ አጠገብ እስካለው ጣቢያ ያድርሳቸው። እዚያ ያሽጋቸው።»

አስታራቂ ሐሳብ መሰለኝ። እሷም ወዲያው ለድርሻህ ፉርጎዎች በሙሉ የጭነት ወረቀት በእጇ ጻፈች። ስትጨርስ አየኋቸው። አንዱ ወረቀት በሁለቱ ፊቱ፣ ከላይና ከታች፣ አራት ጉዞ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ከዚያ እንጨት መሰንጠቂያ ይላል። በሩ አጠገብ ያለው ጣቢያ የተጻፈው አራተኛው ላይ ነው፣ በሁሉም ላይ። ወረቀት ደግሞ በእሑድ አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው። ይህን ላስታውሳት ብዬ አፌን ስከፍት አየችኝ፤ አፌን ዘጋሁ።

እንግዲህ ሻንጣህን ስታዘጋጅ ለአንድ ቀን ብለህ እንዳታዘጋጅ። እማዬን ሰላምታ ልጻፍለት ወይ ብያት ነበር። «ሲመጣ እለዋለሁ» ብላለች።

ታናሽ እህትህ