ጋሪት የተከለው አንቴና

ለታናሽ ወንድሜ ለቬርን፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባሕሩስ? እማዬ እጅህን የዓሣ ቢላዋ እንዳይቆርጥህ፣ የመርከቡ በረዶም እንዳያንሸራትትህ ሳትጸልይ አታድርም። የላክንልህ ጓንት ደረሰህ ወይስ መንገድ ላይ ቀረ? እኛ ክፉ አንልም፣ አለን። አባባ ዳሌያቸው ገጥሞ በምርኩዝ እስከ ደጅ መውጣት ጀምረዋል። ውሻው ታገር አርጅቷል፤ ቢሆንም መጮህ አልተወም። እኔ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አደጋውን ሰምተሃል፤ የሰማኸው ግን ጋሪት ያስወራውን ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ታገርን ከኋላ ሲጫን ዝናብ እንዳይመታው ብለው አባባ ለፒካፑ ያንን ነጭ የፋይበር ክዳን ገዙ። ክዳኑ ሲገባ የመነጋገሪያ ሬዲዮው አንቴና የቆመበትን የብረት ሳጥን ሸፈነው፤ ስለዚህ አንቴናው ቦታ መቀየር ነበረበት። ያ የሬዲዮ ሱቅ ያለው አፈ ጮሌ፣ ጋሪት፣ አባባን “ለኔ ተወው ኦርቪል” ብሎ ክዳኑን አናቱ ላይ በድሪል በሳና አንቴናውን በብሎን አሰረው። አንቴና ብረት ካልረገጠ የሌላውን ያሰማል እንጂ የራስን ድምፅ ሩቅ አይወረውርም፤ ፋይበር ደግሞ ብረት አይደለም። ጋሪት ይህን አያውቅም እንዳትለኝ። ከሥር ብረት ማንጠፍ፣ ከሻንሲው ጋር በሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያም በመለኪያ መፈተሽ ነበረበት፤ መለኪያውም ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰነፈ። ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ አጠገቡ ካለው ከራሱ መኪና ጋር ሄሎ ሄሎ ተባባለና “እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል፣ ሂድ ንዳ” አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት አባባ የዛፍ ቆራጮቹን መጋዝ ሊጠግኑ ወደ ጫካ ወጡ። ማይል ሰባትን እንዳለፉ፣ ሌስተር ግንድ ጭኖ ከማይል ዘጠኝ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን ሲናገር በሬዲዮ ሰሙት። ከሰባት እስከ ስምንት ያለችው የገደል አፍ ሁለት መኪና እንደማታሳልፍ አንተም ታውቃለህ። ማይኩን አንስተው “ሌስተር፣ ጠባቧ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ስምንት ላይ ጠብቀኝ” አሉ። መልስ አልመጣም። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ መልስ የሚሰጥ ማነው? ዝም ካለ እሺ ብሏል ማለት ነው፤ አባባም ዕድሜ ልካቸውን የነዱት እንዲሁ ነው። ሄዱ። ሌስተር አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። ኩርባው ላይ ፊት ለፊት ሲመጡበት እሳቸውን ላለመጨፍለቅ ብሎ መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመው። ግንዱ ተናደ። የአባባ ዳሌ ተሰበረ፤ የሌስተር ሦስት ጣቶች እዚያው ቀሩ።

ከዚያ ጋሪት ምን ቢል ጥሩ ነው? በየቁርስ ቤቱ እየዞረ “ሽማግሌው የደረሰበትን ማይል በሬዲዮ ሳይጠራ ወጣ፤ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፤ ሬዲዮውንማ ራሴ ነኝ የገጠምኩት” አለ። እኛ አገር ማይሉን ሳይጠራ የሚወጣ ሰው ከሌባ እንደሚብስ ለአንተ አይነገርህም። ሾፌሮቹ አባባን መጠየቅ ተዉ። ሌስተር፣ አብሯቸው ያረጀው ሌስተር፣ በደጃችን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ጀመር። አባባ አንድ ጊዜ “ጠርቻለሁ” አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይውሉ ነበር። እኔም እሳቸውን እያየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ፒካፑ አፍንጫው ቢደቅም ክዳኑ ደህና ነበር። እኔም ክዳኑን ከነአንቴናው፣ ሬዲዮውንም ከጋቢናው አውጥቼ፣ ምንም ሳልነካ እንዳለ የኔ ፒካፕ ላይ ገጠምኩት። እማዬን ወጥ ቤት ያለው ሬዲዮ ዘንድ አስቀምጬ እያወራኋት ሄድኩ። መጋዝ ቤቱን ሳልፍ “ደርሊን፣ ምነው ዝም አልሽ?” አለች። “አልዘጋሁም እማዬ፣ እያወራሁሽ ነው” አልኳት። “ደርሊን፣ ልጄ፣ ኧረ መልሺልኝ” እያለች ተጨነቀች። እኔ የሷን ድምፅ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፤ እሷ እኔን አትሰማም። መኪናውን ዳር አቆምኩና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አባባ ጠርተዋል፣ ቬርን። ጠርተው ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ክፉ ነገር ነው። ጋሪትን በዚያ ሬዲዮ፣ በሥራ ቀን፣ ግንድ ጫኞቹ በሚወርዱበት ሰዓት ወደ ገደሏ ልሰደው ፈልጌ ነበር። አስቤው ደስ አለኝ፤ አላፍርም። የተውኩት ለሱ አዝኜ አይደለም፤ ጣቶቹን ያጣ አንድ ሌስተር በቂ ነው፣ ሌላ ሾፌር አይጨመርበት ብዬ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜን መረጥኩ። ቅዳሜ ጭነት የለም፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሾፌሮቹም ሁሉ ቁርስ ቤቱ ናቸው። ጋሪት ፓንኬኩ ላይ ሽሮፕ እያፈሰሰ ሲያወራ ደረስኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ “ጋሪት፣ የአባባን ክዳን የኔ ፒካፕ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ሬዲዮው ግን አጠራጠረኝ” አልኩት። “የኔን ሥራ?” አለና ሳቀ። “የኔ ልጅ፣ ያ ሬዲዮ ካንቺ ይልቅ ይናገራል።” “እንግዲያው ማይል አራት ውጣና ጥራልን፤ እኛ እዚህ በየመኪናችን እንስማህ” አልኩት። ሰው ሁሉ አፍጥጦ እያየው እምቢ ይበል? ቁልፉን ከእጄ መንጭቆ ወጣ።

ሾፌሮቹ ሳህናቸውን ይዘው ወደየጋቢናቸው ገቡ። ጠበቅን። ምንም የለም። አንዱ “ጋሪት፣ የት ደረስክ?” አለው። ምንም። “አራት ደርሰህ ከሆነ ተናገር እንጂ።” ጭጭ። ያኔ ሌስተር ከቁርስ ቤቱ ወጥቶ ቀስ ብሎ አንዱ ጋቢና ገባ። በዚያች ሁለት ጣት በቀረችው እጁ ማይኩን ያዘና “ጋሪት፣ አንተ እንደምትሰማን አውቃለሁ፤ እኛ ግን አንሰማህም። ኦርቪልም እንዲህ ነበር የጠራኝ” አለ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ልክ ልኩን ነገሩት። ውሸታም ያለው አለ፣ ሰነፍ ያለው አለ፣ እዚህ የማይጻፍም ተብሏል። እሱ እዚያ ላይ ብቻውን ማይኩን ይዞ እየጮኸ ሁሉንም ይሰማል፤ የሱን አንዲት ቃል የሚሰማ የለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መፍቻ አቀበልኩትና “አሁን ንቀለው” አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት ነቀለው። እኔ ራሴ አንቴናውን ከኮፈኑ ጎን ብረት ላይ አቁሜ፣ በሽቦ አስሬ፣ ለካሁት፤ አሁን ከማይል ሃያ ይሰማል። ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን አልደፈንኳትም፣ አልደፍናትምም። ዝናብ ሲዘንብ ታገር ላይ ትንጠባጠባለች፤ እሱም ጥግ ይዞ ይተኛል። ጋሪት በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ያያት።

ያን ቀን አባባ እቤት ነበሩ፤ የወጥ ቤቱ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበርና ሁሉንም ሰምተዋል። ስገባ “የሌስተር ድምፅ ሻክሯል፤ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ” አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሰኞ ሌስተር የአጋዘን ሥጋ ይዞ መጣ፣ ወንበሩንም ከአባባ ወንበር አጠገብ አስጠግቶ እስኪመሽ ተቀመጠ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ባለፈው ወር ስትደውል ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? “አርጅቷል እኮ ደርሊን፣ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል፤ መኪናውን ሽጡት” አልክ። የጋሪትን ቃል ከነነጥቡ ነው የደገምከው። እኔ እጄ ሊጥ ነበርና ስልኩን በማጉያው ከፍቼው ነበር። አባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች፣ ካልሲህን በየቀኑ ቀይር ብላሃለች። ሌስተር በሁለት ጣቱ ሰላም ብሎሃል። ታገርም ስምህን ስጠራለት ጅራቱን ይቆላል። አባባ ግን ሰላም በይልኝ አላሉም። ወንበራቸውን ከመስኮቱ ወደ ስልኩ አዙረዋል። ስትደውል የምትለውን ይሰማሉ፤ እሳቸው ድሮም መስማት አልተሳናቸውም።

እህትህ ደርሊን
ኦሮፊኖ፣ አይዳሆ
ኖቬምበር 23 ቀን 1997