ስድስት ነጥብ የጎደለው እጅ

ሰኔ 19 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የምታስተምሪበት አገር ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። ልጅሽም ደህና ናት። ሚጢ ብለን ስንጠራት አሁን ትቆጣለች፤ ሰባት ዓመት የሞላት ሰው ሚጢ አይባልም ነው የምትለው። ክብደቷ ተመልሷል፣ ጉንጯም ሞልቷል። ትናንት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ አይቼ ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ስትሮጥ ማየቱ ይበቃኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ እኔ ሳልጨርስ አንቺ ትመልሻለሽ። አስተማሪ ስለሆንሽ አልፈርድብሽም። ወረቀት ግን አያቋርጥም፣ እስከ መጨረሻው ያስወራል።

የኮርሱ ውጤት ምን ሆነ ብለሽ ሦስቴ ጠየቅሽኝ። ሦስቴም ገና አልተለጠፈም አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ከተለጠፈ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰባት መቶ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ያገኘሁት ስድስት መቶ ዘጠና አራት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ ግማሹን ስለማታውቂው። ዲፕሎማ የሌለው ሰው የበሽተኛ ክንድ ላይ መርፌ እንዳያሳርፍ የሚለው መመሪያ ሲመጣ፣ ለእኛ ለነባሮቹ እስከዚህ የትምህርት ዓመት መጨረሻ ጊዜ ሰጡን። ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ደም ቀድቻለሁ። ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን፣ የሚወራጭ ሰካራም፣ መርፌ ሲያይ የሚያለቅስ ወታደር፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፏል። ተማሪ ሁኚ ሲሉኝ በስተርጅና ሙሽርነት ብዬ ስቄ ነበር። ያበረታታሽኝ አንቺ ነሽ። "እማዬ፣ በነጥብ የሚሰጥ ኮርስ እኮ ቀላል ነው። ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፣ በየቀኑ ትለቅሚያለሽ፣ የለቀምሽውን ማንም አይወስድብሽም" አልሽኝ። ሌሎቹን ኮርሶች እንደምንም አለፍኳቸው። የቀረኝ ይኸው አንዱ ነበር፣ የገዛ ሙያዬ።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ በመብራት አሳየን። ጠቅላላው አንድ ሺህ ነጥብ ነው። ፈተናዎቹ አራት መቶ፣ የተግባር ሥራው ሁለት መቶ፣ ሪፖርቱ መቶ ሃምሳ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው የየሳምንቱ ጥያቄ መቶ ሃምሳ፣ ክፍል ውስጥ መገኘት መቶ። ከሰባት መቶ በታች ያመጣ ኮርሱን ይደግማል። "ነጥብ አይለመንም፣ አይጠጋጋም" አለ። እኔም በልቤ ጎሽ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ፤ ማንም በመልኩ ወይም በዘመዱ አያልፍም ማለት ነው።

መምህሩን ታውቂዋለሽ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ ለልምምድ የመጣው ቀጭኑ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ደም ያየ ቀን ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ጭንቅላቱን በጭኔ ነው የተቀበልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ እጁን ይዤ፣ "ዓይንህን ጨፍን፤ ደም ሥር የሚታየው በጣት ነው" እያልኩ አስለመድኩት። ጎበዝ ሆነ፣ ተማረ፣ መምህር ሆነ። ክፍል ውስጥ ሲያየኝ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ተማሪ በቁጥሬ ጠራኝ። እኔም አልተቀየምኩም።

መጀመሪያ ነጥብ የፈሰሰብኝ በየሳምንቱ ጥያቄ ነው። እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ለአሥር ጥያቄ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ፊደሉን ነው የማላገኘው። በአንድ ጣት እየለቀምኩ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ በትልቁ መነፅሯ መነፅሬ ብዬ የምጠራት። ልጻፍልዎት ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። ነጥቡ የራሴ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ኩራት ነበር እንግዲህ፤ ኩራት ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው የመገኘት ነገር ነው። በየካቲት አራት ቀን ቀረሁ። ለአንድ ቀን አምስት ነጥብ፣ ሃያ ሄደ። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ የተግባር ሥራ ያለባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሃያ ሃያ፣ አርባ ሄደ። በጠቅላላው ስድሳ። ያመለጠውን ለማካካስ ማስረጃ ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ሕጉ ደግ ነው። ራሱ የታመመ የሐኪም ወረቀት ያመጣል፤ ልጁ የታመመችበት የልጁን የሐኪም ወረቀትና የወላጅ ፊርማ ያመጣል። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ፎርሙን ተቀበልኩ። ጸሐፊዋ እናት ነዎት ወይ አለችኝ። አያት ነኝ አልኳት። ፎርሙን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ አያት የሚል ቦታ እንደሌለው፣ እናትየዋ ትፈርም ብላ መለሰችልኝ። ክፉ አልነበረችም፤ የሌለ ቦታ ከየት ታምጣ።

ያን ሰሞን አንቺ ሥራሽ የሚጸናበት ፈተና ላይ እንደሆንሽ ነግረሽኝ ነበር። ፎርሙን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሚጢ ጉንፋን ይዟታል ያልኩሽ ያኔ ነው። ጉንፋን አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ያስተኛል ወይ ትይ ይሆናል። አትበይ። አልፏል።

ሦስተኛውን ግን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም። የተግባር ፈተናው ደም መቅዳት ነበር፣ ከሃያ ነጥብ። የቀረበልኝ ሰው በፈቃዱ የመጣ ጥበቃ ነው። ክንዱን ያዝኩ፣ ዳሰስኩ፣ ወጋሁ፣ ቀዳሁ፣ ጥጥ አስያዝኩት። ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰውየው "ጨረሱ እንዴ?" ብሎ ነው የተነሣው። መነፅሬ ከእኔ በኋላ ገብታ ሁለቴ ስታ በሦስተኛው አገኘች። ውጤቱ ሲመጣ ለሷ አሥራ ስምንት፣ ለእኔ አሥራ አንድ።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ሲያየኝ ተነሣ፣ ወንበሩን ራሱ ስቦ አስቀመጠኝ። ስድስት ነጥብ ጨምርልኝ ልለው እንደመጣሁ ነው የገመተው፤ ሳልናገር ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። ከሰባት መቶ በትንሹ የጎደላቸው ሌሎች አራት ሰዎች እንዳሉ፣ ለአንዱ ከጨመረ ለሁሉም መጨመር እንዳለበት፣ ይህን ቢያደርግ ባለፈው ዓመት የወደቁት ምን ይሉኛል ብሎ እንደሚያስብ አስረዳኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ይሆናል።

"ልለምንህ አልመጣሁም። ስለ አሥራ አንዱ ብቻ ንገረኝ" አልኩት።

መመዘኛውን አወጣ። የበሽተኛውን ስም ጮክ ብሎ መጠየቅ ሁለት ነጥብ፣ የሚደረገውን ማስረዳት ሁለት ነጥብ፣ ደም ሥሩ ለምን እንደተመረጠ ለፈታኙ መናገር ሦስት ነጥብ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ማሰማት ሁለት ነጥብ። እኔ ሁሉንም ዝም ብዬ ነው የሠራሁት። ፈታኙ ያልሰማውን ምልክት ሊያደርግበት አይችልም።

"ደሙ መጣ?" አልኩት።

"መጣ።"

"ሰውየው አመመው?"

"አላመመውም፣ እትዬ።"

"ለሱ ስንት ነጥብ አለው?"

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። የሚያውቀውን ነገር ነበር የሚፈልገው። "ለሱ ነጥብ የለውም" አለኝ።

ሰላምታ ሰጥቼው ወጣሁ። በሳምንቱ የቅሬታ ፎርም ሞላሁ፤ ነጥቡ በመመሪያው መሠረት በትክክል ተሰጥቷል የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። በትክክል መሰጠቱን እኔስ መች ካድኩ።

ኮርሱን ልድገም ብል የተሰጠን ጊዜ አልቋል፤ አሁን ያለሁት ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ነው። ብልቃጥ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ወደ ውስጥ አሳልፋለሁ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው መነፅሬ ናት። ዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ነው ያመጣችው። የተመደበች ቀን ወደ መስኮቱ መጥታ እንደ ጥፋተኛ ቆመች። እጇን ይዤ ወንበሩ ድረስ ወሰድኳት፤ ከፍታውን እንዴት እንደምታስተካክል፣ መብራቱ በየት በኩል እንደሚሻል አሳየኋት። ምን ላድርግ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ አልወድም።

ሰው ሁሉ ግን መነፅሬን አልለመዳትም። የዛሬ አሥር ቀን አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ከቆዳና ከአጥንት በቀር የሌላቸው። መነፅሬ በሥርዓቱ ስማቸውን ጠየቀች፣ የምታደርገውን አስረዳች፣ ወጋች። ሳተች። ደገመች። በአራተኛው ላይ በመስታወቱ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ፤ "ይበቃኛል ልጄ፣ ልሂድ" ነው ያሉት። ልምምጥ ነበር እንጂ ቁጣ አልነበረም። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ተነሥቼ የሄድኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ጓንት አጠለቅኩ፣ የሽማግሌውን ክንድ በሁለት እጄ ያዝኩ፣ አሞቅኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ ነው የወጋሁት።

ሽማግሌው እጄን ሳሙኝ። የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ከተፈቀደልዎ ሥራ ውጭ ተገኝተዋል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም፤ ሚስቱ ሁለት ልጆቿን ስታረግዝ በየወሩ ደም የቀዳሁላት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ከተደገመ ከመስኮቱም እነሣለሁ። ስለዚህ አሁን አንድ ሰው ከውስጥ ሲያቃስት ስሰማ የምለጥፈውን ቁጥር ጠበቅ አድርጌ እጫነዋለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ያለፈው ሐሙስ መምህሩ መስኮቱ ድረስ መጣ። ሰው እስኪቀንስ ጥግ ይዞ ቆየ። የክረምት ተማሪዎች ደም ሥር መፈለግ እንዳቃታቸው፣ አንድ ከሰዓት መጥቼ ባሳያቸው እንደሚደሰት በትሕትና ነገረኝ።

"ነጥብ አለው?" አልኩት።

"አለው። ለተገኘ ተማሪ አሥር ነጥብ።"

"ለእኔስ?"

ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፎ በመስኮቱ አቀበለኝ። እኔም አልደገምኩለትም። እመጣለሁ አልኩት። ሳልሄድ ብቀር የሚጎዳው እሱ አይደለም፤ የነዚያ ልጆች መርፌ ነገ ማን ክንድ ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም፣ የሚጢም ሊሆን ይችላል። ለራሴ ያልኩት ይህን ነው። ቤት ገብቼ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ልጅሽ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ደክሞኝ ነው አልኳት። አንቺን ከዋሸሁ ወዲህ ውሸት ቀሎኛል።

አንቺም በዚህ ሰሞን የተማሪዎችሽን ውጤት ትዘጊያለሽ። ዝርዝርሽ እንደ መምህራችን የተጣራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለነጥብ ሲለምኑሽ ፊት እንደማትሰጪ ራስሽ በኩራት ነግረሽኛል። ከመሀከላቸው ስድስት ነጥብ የጎደላት አንዲት ሴት ብታገኚ ጨምሪላት አልልሽም። ሕግ ሕግ ነው። ግን ከመዝጋትሽ በፊት ጥሪያትና፣ እነዚያን አራት ቀናት የት ነበርሽ ብለሽ ጠይቂያት። እኔን የጠየቀኝ የለም።

በይ የኔ ልጅ፣ የምትቆሚበት መሬት ይጽናልሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ጤናሽን አይንሳሽ፣ ደጅሽ ላይ የሚመጣ ሁሉ ደግ ሰው ይሁን። ስለ ልጅሽ አታስቢ፤ እኔ አለሁ፣ ከእንግዲህም ጊዜ አለኝ።

የምትወድሽ እናትሽ