ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም

ፕራግ፣ እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 2018

ዛሬ ሥልጠና ስለሌለ አሮጌውን ከተማ ብቻዬን ስዞር ዋልኩ። በረዶው ጣራውን ሁሉ አልብሶታል። ድልድዩንና ቤተ መንግሥቱን ፎቶ አንስቼ ጎባ ላለችው እማዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን አየሁት። አንተ የታለህ?»

«እኔ ነኛ የማነሳው!»

«ከሄድክ ጀምሮ አንድም ፎቶ ላይ የለህም። አጠገብህ ሰው የለም እንዴ?»

«ሞልቷል፣ እማ!»

እውነት ነው፣ ሰው ሞልቷል። የሚያናግረኝ ግን የለም። አብረውኝ የሚሠለጥኑት እንኳ ከ«ሰላም» አያልፉም።

ስልኩ እንደተዘጋ ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሽማግሌ አስቆምኩ። ጓንታቸውን አውልቀው ድልድዩ ላይ አነሱኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ፎቶውን ስልክላት እንደገና ደወለች።

«አልሀምዱሊላህ! ከስተሃል ግን። ማነው ያነሳህ?»

«ጓደኛዬ።»

«ስሙስ? ዱዓ ሳደርግ እንድጠራው።»

ሲጨንቀኝ «ቶማስ» አልኳት። እንዳይጠፋባት ሦስት ጊዜ ደገመችው።

አሁን ሰግዳ ጨርሳ፣ እጇን ዘርግታ፣ «ያ ረቢ፣ ቶማስ የሚባለውን ልጅም ጠብቅልኝ» እያለች ይሆናል። ልጁ እኮ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም! ስማቸውን መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም።

ውሻ ያለው ሰው ነገም መውጣቱ አይቀርም። ከክፍል እንደወጣሁ ድልድዩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ብርዱን እችለዋለሁ፣ የጎባ ልጅ ነኝ። ከመጡ ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው…