ፊሽካው ተነፍቶ ነበር

ዛሬ ቅዳሜ፣ የካቲት ፱ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን እናዘዛለሁ። ሳንባዬ ደክሟል፤ ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል፤ ልቡናዬ ግን ሙሉ ነው። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሦስቱ ምስክሮች፣ ባለጋራዡ፣ ልብስ ሰፊዋና የሰፈራችን ነርስ፣ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ልጆቼም አሉ። ከበሩ አጠገብ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው ሰው ምስክር አይደለም፤ ያስጠራሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። የሚሉኝን በወረቀት ይጽፉልኛል። ጮኼ ከሆነ የምናገረው ይቅርታ፤ የድምፄን ልክ ካጣሁት ቆይቷል።

ትልቁ ክፍል ከነጓሮው ለሴት ልጄ ይሁን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኻልኛለች፤ እኔ ደግሞ «ምን ያስጮህሻል? ደንቆሮ መሰልኩሽ?» እያልኩ አስለቅሻታለሁ። መስዬያት አይደለም፤ ነበርኩ።

የእናቷን የእጅ ሰዓትም እሷው ትውሰድ። ባለቤቴ በመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዛ ረጅም ነገር ነገረችኝ። አንዱንም አልሰማሁም። ድገሚልኝ ማለት አፍሬ «እሺ፣ እሺ» አልኳት፤ ፈገግ ብላ ዐረፈች። ምን ቃል እንደገባሁላት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመፍቻ ሳጥኔ እንደኔው ዶዘር ለሚነዳው ወንድ ልጄ ነው። ከመፍቻዎቹ ሥር፣ ከነላስቲኩ፣ ያልተከፈተ የጆሮ መከላከያ ታገኛለህ። የምሠራበት ድርጅት ሰጥቶኝ ነበር። እኛ ጆሮውን የሸፈነ ሹፌር ስናይ «ሙሽራው መጣ» እያልን እንስቅ ነበር፤ ከሁሉም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አንተ አድርገው፤ ይሳቁብህ።

አሁን ወደ ባለክራንቹ ልምጣ። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ድንጋይ በምናወጣበት ካባ ላይ ምልክት ሰጪዬ ነበር። ዶዘሩን ወደ ኋላ ስነዳ ከኋላ ቆሞ ፊሽካ ይነፋል፤ አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ቁም ማለት ነው። እኔ ግን ያኔም አልሰማም ነበር። ድርጅቱ በየዓመቱ ጆሯችንን ያስመረምራል፤ በመስታወት ክፍል ያስቀምጡህና ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሣ ይሉሃል። መርማሪዋ ቁልፉን ስትጫን ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ትከሻዋን እያየሁ እጄን አነሣሁ፤ እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት አለፍኩ።

በዚያ ቀን ዶዘሩ በአንድ ጎኑ ከፍ ሲል ድንጋይ መሰለኝ። ወርጄ ስሮጥ ሰውየው ከሰንሰለቱ ሥር ነው፤ ፊሽካው ገና ከጥርሱ መሃል አልወጣም። ሰውየውን ሲያነሡት ፊሽካው ወደቀ፤ እኔም ማንም ሳያየኝ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

አለቆቹ «ፊሽካ ነፍቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አልነፋም፤ ቆሞ ሳያንቀላፋ አይቀርም» አልኩ። እሱ ከሆስፒታል አልጋው ላይ «ጋሼ፣ ነፋሁ እኮ! ሁለቴ ነፋሁ!» ሲል ከንፈሩን አይቻለሁ። በሞተሩ ጩኸት የሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። ከሥራ ተባረረ። ሠራተኛው «እንቅልፋሙ» የሚል ስም አወጣለት፤ ልጆቹ የእንቅልፋሙ ልጆች ተብለው አደጉ። እኔም በዚያ ስም ጠርቼዋለሁ፤ በመንገድ ላይ፣ እየሳቅሁ። እፍረቴ ይኸ ነው።

ልጄ አሁን ወረቀት ሰጠችኝ፦ «አባዬ፣ ዛሬ ይሄን ማንሳት ምን ያደርግልሃል?» ለእኔማ ምን ያደርግልኛል? ወንድ ልጄ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። አይፈረድበትም።

ወደ መንገዱ በር ያለው ክፍል ለዚህ ሰው ይሁን፤ ልጆቼ እንዳትከራከሩት። የእግሩ ካሣ ነው አልልም፤ ለእግር ካሣ የለውም። እሱም ጽፎ አቀበለኝ፦ «ጋሼ፣ ክፍሉ ይቅርብኝ። ስሜን መልስልኝ።»

ስለዚህ ይህ ቃል በቀብሬ ላይ፣ ሰው ሳይበተን፣ ይነበብ። አንዱ ቅጂ በድሮው መሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ክፍሉም ቢፈልግ ባይፈልግ የእሱ ነው።

የቀረኝ ፊሽካው ነው። ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ወደ አፉ ወሰደው፤ ጉንጩ ተነፋ። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ያዘች፤ ልጄ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ የመምህሩ ብዕር ወደቀ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

መምህር፣ ብዕርዎን ያንሡና ይህንም ይጻፉልኝ፤ ነፍቷል።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ____________

እኛ ሦስታችን ተናዛዡ በሙሉ ልቡናው ሲናገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተገኝተናል። ፊሽካውንም ሰምተናል።

ባለጋራዡ ____________
ልብስ ሰፊዋ ____________
ነርሱ ____________